ስለ ቀብዳችሁ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጥቅምት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል። የመጣችሁም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ "ቀብዳችንን በሉት" ብላችሁ ጽፋችኋል። መናደዳችሁ ይገባኛል። "በሉት" የምትለዋ ቃል ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ድንኳን ተክዬ፣ ሠርግ ደግሼ ሰው ሳበላ ኖሬ በላች ተባልኩ።

ነገሩን ከጎረቤት ለሰማችሁ ልንገራችሁ። ባለፈው ሚያዝያ ሊደረጉ ሲሉ በኮሮና ለቀሩ ሠርጎች የተቀበልነውን ቀብድ በጥሬ ገንዘብ አንመልስም፣ ወደ ሌላ ቀን እናዛውረዋለን ብለናል። ውሳኔው የእኔ ነው። ሠራተኞቼን አትቆጧቸው።

ስልካችን ሁለት ወር ያህል ሳይነሳ መክረሙ ግን ጥፋት ነው። የምለው ስላጣሁ ነበር የማላነሳው። ይቅርታ።

አሁን እኔንም ስሙኝ።

የእኛ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። በሁዳዴ ሠርግ የለም። ግንቦት ላይ መዳር የማይወድ ብዙ ነው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ያሉት የሚያዝያ ቀናት ይሻማሉ። በ2012 ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለና የቀሩት እሑዶች ሁለት ብቻ ሆኑ፣ 18 እና 25። ለነዚያ ቀናትና ለዋዜማዎቻቸው ዘጠኝ ሠርግ ይዘን ነበር። ዘጠኝ! በድርጅቱ ታሪክ እንዲህ ተይዞልን አያውቅም። ማስታወሻ ደብተሩን እየገለጥኩ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር።

መጋቢት 4 ዓርብ ነበር። መርካቶ ለወንበር ልብስ የሚሆን ነጭ ሳቴን እያስለካሁ ነው። ነጋዴው ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ላይ ኮሮና ተገኘ ተባለ። ነጋዴው ሜትሩን እንደያዘ አየኝ። "ልቁረጠው?" አለኝ። "ቁረጠው፤ አንድ ሰው እኮ ነው" አልኩት። 85 ሜትር ሳቴን ተቆረጠ። የተከፈለው በእናንተ ቀብድ ነው።

ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ተከለከለ፤ ለ15 ቀን ተባለ። በጣቴ ቆጠርኩ። እስከ ፋሲካ ያልቃል ብዬ ተጽናናሁ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 2 ፓርላማው ለአምስት ወር አጸደቀው። ቀጥሎ ማስፈጸሚያ ደንቡ ሲወጣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ሆነ።

አራት ሰው። ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ ሁለት ሚዜ። ሞላ። እናት የት ትቀመጥ?

መንግሥትን ልውቀስ ብዬ አይደለም። በሽታው ምን እንደሆነ ማንም በማያውቅበት ጊዜ መወሰን ከባድ ነው። እንደነሩዋንዳ ሁሉንም ሰው ቤቱ አልቆለፈበትም። ቆልፎበት ቢሆን ኖሮ የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚያገኘው ሰው ምን ይሆን ነበር? ይህንን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ቅር የሚለኝን ልናገር። ካፌው ወንበር ቀንሶ ማኪያቶውን ቀዳ። ታክሲው በግማሽ ጭኖ ታሪፉ እጥፍ ሆነለት። የእኛ ሥራ ግን ራሱ መሰብሰብ ነው። ሠርግን በግማሽ ጭነህ አትነዳውም። አዋጁ "የድግስ ሥራ ቁሙ" ብሎ አልጻፈም፤ አራት ሰው አለ፣ እኛ ቆምን። ሚሊኒየም አዳራሽ እንኳ አልጋ ተነጥፎበት የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሲሆን "እሱም ሥራ አገኘ" ብለን ቀልደናል። ቀልዱ ብዙ አላሳቀንም።

አዋጁ ያልረሳቸውም ነበሩ። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር ከለከለ። አሠሪ ሠራተኛ እንዳይቀንስ ከለከለ። ሁለቱም መልካም ነው፤ እኔም ተከራይ ነኝ። አሥራ አንድ ቋሚ ሠራተኞች አሉኝ፣ አንድም አልቀነስኩም። አዋጁ ባይኖርም አልቀንስም ነበር። ወጥ ቤቱን የምትመራው ሴትዮ ከእኔ ጋር አስራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ የልጄን ክርስትና ድግስ የሠራችው እሷ ናት። "ነገ አትምጪ" ብዬ በየትኛው አፌ ልንገራት? የሚያዝያን ሙሉ፣ ከግንቦት ጀምሮ ግማሽ ደመወዝ ከፈልኩ። ይህ ገንዘብ ከየት መጣ ካላችሁኝ፣ ከዚያው ከቀብዱ ነው። ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ ደንቡ ላይ አልተጻፈም።

የግብር ምሕረትም ነበር። እስከ 2007 ዓ.ም. ያለ ውዝፍ ዕዳ ተሰረዘ። እኛ ውዝፍ አልነበረብንም። በየዓመቱ ተሰልፈን ከፍለናል። ለካ መዝረክረክም ያዋጣል!

እንግዲህ ወደ ቀብዱ። ብዙዎቻችሁ ገንዘቡ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ቁልፉን የደበቅሁ ይመስላችኋል። ቀብድ አይቀመጥም። ቀብድ የሚያዘው ለመቀመጥ ቢሆንማ እናንተ ጋ ይቆይ ነበር። ሳቴኑን ነግሬያችኋለሁ። በጾም በሬ ስለሚቀንስ ለስድስት በሬ እኔም በተራዬ ቀብድ ሰጥቼ ነበር። የከብት ነጋዴው ግማሹን መለሰልኝ፤ ግማሹን "መኖ በላው" አለኝ። ለጠጁ አራት ባልዲ ማር ገዝቼ አስጥያለሁ። ያ ጠጅ ሚያዝያ 18 ለሙሽሮች ሊቀዳ ነበር። በሰኔ ስንከፍተው ሽታው ከመጋዘኑ በር ይቀበላል። ሁለት ሰው ሆነን ተሸክመን ስንደፋው የጥበቃ ሠራተኛችን ኮፍያውን አወለቀ።

ሚያዝያ 18 ቀን ጠዋት መጋዘን ሄጄ ተቀመጥኩ። ምንም ሥራ የለኝም፣ እግሬ ወሰደኝ። ድንኳኖቹ ተጠቅልለዋል። ወንበሮቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ያንን ቀን ሦስት ሠርግ ነበረን። ከሦስቱ ሙሽሮች አንዷ ቤቷ ውስጥ፣ ወላጆቿና ቄሱ ባሉበት ተድራ ከሰዓት ላይ ፎቶ ላከችልኝ። ቬሎዋን ለብሳ ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ቴሌቪዥኑ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል። "ድንኳኑ የጎደለ አይመስልም አይደል?" ብላ ጽፋለች። አልቅሻለሁ። ይህች ልጅ ቀብዷን እስካሁን አልጠየቀችም። ለእሷ ስል ብቻ እንኳ መዝጋት አልፈልግም።

አንድ ደንበኛችን የሕግ ሰው የሆነ የእህቱን ልጅ ይዞ መጣ። ወጣቱ በትህትና፣ ግን ጠንከር አድርጎ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1885 አስነበበኝ። ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ "እጥፍ" የሚሉ ስልኮች በዝተዋል። እኔ ሕግ አልተማርኩም፣ ክርክርም አልወድም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ውሉን ያፈረሰው ማን ነው? እኔ ድንኳኔን ይዤ ቆሜ ነበር። እናንተም ልጃችሁን ልትድሩ ቆማችሁ ነበር። ሁለታችንም አላፈረስንም። ታዲያ ኪሳራውን እኔ ብቻዬን ልሸከም? ለሁላችሁም በአንድ ሳምንት ብመልስ፣ በሁለተኛው ሳምንት ድርጅቱ የለም። ስልካቸውን አጥፍተው፣ ድንኳናቸውን ሸጠው የጠፉ የሙያ ባልደረቦች አሉን። የእነሱ ደንበኞች ደብዳቤ የሚጽፍላቸው እንኳ የላቸውም።

አንዲት እናት ደግሞ "የድሮውን ብር ወስደሽ አዲሱን መመለስ ሰስተሽ ነው" ብለው አሳቁኝ። እውነትም መስከረም ላይ ብሩ ሲቀየር እኛ ወደ ባንክ የምንወስደው ነገር አልነበረንም። በእድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፍ ያልነካኝ ያኔ ነው።

ይህ ሥራ እንዴት እንደተጀመረ የቆያችሁት ታውቃላችሁ። በ1997 የእቁብ ዕጣ ወጣልኝና 40 የፕላስቲክ ወንበር ገዛሁ። ድንኳኑን ከእድራችን ነበር የምንከራየው፤ ቀዳዳውን እኔ ነኝ የምጠቅመው። የመጀመሪያው ሠርግ ሽሮ ሜዳ ነበር። ዝናብ መጣና አንዱ ምሰሶ ተንቀጠቀጠ። እንግዳው በልቶ እስኪነሳ ድረስ ምሰሶውን አቅፌ ቆምኩ። የሙሽሪት አባት ያንን አይተው የሁለተኛዋን ልጃቸውን ሠርግ ያኔውኑ ሰጡኝ። ዛሬ ሦስት ሙሉ ድንኳን፣ 900 ወንበርና የራሳችን ጀነሬተር አለን። ከእናንተ መካከል ታላቅ እህቷን እኛ የዳርን፣ እሷንም ልንድር የያዝን አለች። ደግሞም በሚያዝያ ወረዳው ለችግረኞች እህልና ዘይት ሲያሰባስብ ድንኳን ሲፈልግ በነጻ የተከልነው እኛ ነን። ልመካበት አይደለም። ግን ሌባ ድንኳኑን በነጻ አይተክልም።

አሁን አዋጁ አብቅቷል። መስከረም 25 የጤና ሚኒስቴር አዲስ መመሪያ አወጣ፤ ቁጥር 30 ነው። ማስክ ግዴታ ነው፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅ አለ፣ እስከ 50 ሰው መሰብሰብ ይቻላል። ከዚያ በላይ ፈቃድ ይጠይቃል። ከአራት ወደ ሃምሳ! ለእኛ ይህ ትንሳኤ ነው። አንዳንዶቻችሁ ግን "ግቢ ውስጥ ነው፣ ማን ያያል፣ 300 ሰው አድርጊልን" ብላችሁኛል። አላደርግም። እሺ ስላላልኩ ውል ያቋረጡ ሁለት ቤተሰቦች አሉ። የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን ቁጥር እኛም እንሰማለን። የሽንኩርት ክፍሉ ልጅ አባቱ አስም አለባቸው። ፈቃዱን ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን 300ም ይሁን 500፣ ድንኳኑ የእናንተ ነው።

ስለዚህ ቀብዳችሁ እስከ 2013 ማብቂያ ድረስ ይሠራል። ለሠርግ ብቻ አይደለም። ለመልስ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት፣ ለተዝካርም ይሁን። ለእህት፣ ለጎረቤት ማስተላለፍ ትችላላችሁ። ጋብቻው ጭራሽ የቀረባችሁ፣ ወይም ሕመምና ሐዘን የገጠማችሁ፣ ለእናንተ በየተራ በጥሬ ገንዘብ እንመልሳለን። እስካሁን ለሦስት ቤተሰብ መልሰናል፤ ማን እንደሆኑ አልናገርም። የድንኳን፣ የወንበርና የዲኮር ዋጋ በድሮው ውል ይቆያል፣ አንዲት ብር አልጨምርም።

ምግቡ ላይ ግን ልዋሽ አልችልም። በሰው 280 ብር የተዋዋልነው አሁን 350 ነው። ዘይት ገዝታችሁ የምታውቁ ይህን አታስረዱኝ ትላላችሁ። የመጋዘኑ አከራይም ኪራይ ሳይጨምር አምስት ወር ታግሦ፣ አዋጁ ባበቃ በሳምንቱ ወረቀት ይዞ መጣ። አልፈረድኩበትም። እሱም የሚያሳድገው አለው። "350 በዛ" ለምትሉ እህሉንና ሥጋውን እናንተ ግዙ፣ እኛ በሙያ ብቻ እንሠራዋለን። በድሮ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚደገሰው፤ እኔም የጀመርኩት እንዲያ ነው።

ወደ ሌላ መሄድ ለምትፈልጉ፣ አልይዛችሁም፤ መብታችሁ ነው። ብትቆዩልኝ ግን ደስ ይለኛል። ለጥር ከወዲሁ አራት ቤተሰብ ቀን ቀይሮ ይዟል። ሃምሳ ሃምሳ ሰው ነው። ያ 85 ሜትር ሳቴን እስካሁን አንዴም አልተለበሰም። ባለፈው ሳምንት አውጥተን አየነው፤ ጫፉን አይጥ ቀምሶታል፣ የቀረው ነጭ እንደሆነ ነው። ልጆቹ አጥበው እየተኮሱት ነው።

ቢሮው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው። ስልኩን አሁን እኔው ራሴ አነሳለሁ። ደረሰኝ የጠፋባችሁ አትጨነቁ፤ ሰማያዊው ደብተር ላይ ሁሉም ስም በእጄ ተጽፏል። ስትመጡ ማስክ አድርጉ፣ በሩ ላይ ውኃና ሳሙና አለ። ቡና አፍልተን እንጠብቃችኋለን፣ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ግቡ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት