የከሰል ጋዝ ጠቋሚውን ከሌባው መስመር ለዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ክረምት ሲገባ «ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ» የሚለው ምክር በየዓመቱ ይሰማል። የደብረ ማርቆስንና የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ሰው ግን ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ማስገባቱን አልተወም። አራስ ያለችበት ቤት ደግሞ ይብሳል፤ በሩም መስኮቱም ይዘጋል። ብዙ ሰው ከሰሉ ፍም ከሆነና ጭሱ ከጠራ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከፍሙም ይወጣል፣ ሽታም ቀለምም የለው። ስለዚህ የዚህን ጋዝ ጠቋሚ የሚገዙ ቤተሰቦችና ፔንሲዮኖች መታየታቸው ደስ ይላል። ቅር ያሰኘን አገጣጠሙ ነው። ጠቋሚውን ለሌባ ከተዘረጋው አላርም ጋር ማገናኘት ይቻላል፣ ይገባልም፤ ችግሩ የበርና የመስኮት መከፈትን ከሚያሳውቀው ማግኔት ጋር በአንድ ዞን (የአላርሙ ዋና ሣጥን፣ ፓነሉ፣ ለይቶ በሚያየው አንድ መስመር) መታሰሩ ነው።

የሌባ ዞን የሚሠራው ኮድ ገብቶ ሲስተሙ ሲበራ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቡና ሲፈላ ሲስተሙ ጠፍቶ ስለሚቆይ ጠቋሚው ምልክት ቢልክም ፓነሉ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የባሰው ግን ድምፁ ነው። በሌሊት የሌባ ሲረን የሰማ ሰው በሩን ቀርቅሮ እዚያው ይቀመጣል፤ ጋዝ ሲሆን ደግሞ መዳኛው በሩን በርግዶ መውጣት ነው።

ለጠቋሚው የራሱ ዞን ይሰጠው፤ ዓይነቱም በፓነሉ ፕሮግራም ውስጥ «24 ሰዓት ካርቦን ሞኖክሳይድ» ይሁን፤ ይህ ሲስተሙ በራም ጠፋም የሚሠራ ዞን ነው። ይህ ምርጫ የሌለው አሮጌ ፓነል ከሆነ ሌላ የ24 ሰዓት ዞን ተመርጦ ኪፓዱ (ኮድ የሚገባበት ሰሌዳ) ላይ «ጋዝ፣ ውጡ» ተብሎ ይሰየም። ድምፁም ይለይ፦ ለዚህ ጋዝ የተለመደው አራት አጫጭር ጩኸት፣ 5 ሰከንድ ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና አራት ነው። ሦስት ሦስት የሚጮኸው የእሳቱ ነው።

በባትሪ ብቻ የሚሠራው ርካሽ ጠቋሚ በአብዛኛው ራሱ ይጮኻል እንጂ ለፓነል የሚነግርበት ተርሚናል (የሽቦ ማሰሪያ) የለውም። ፈትተን ከድምፅ ማውጫው ላይ ሽቦ እንቀጥልላችኋለን የሚሉትን አትስሙ። የሚያስፈልገው 12 ቮልት የሚቀበል፣ የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) መውጫ ያለው ባለ አራት ሽቦ ጠቋሚ ነው፤ ሁለቱ ሽቦ ለኃይል፣ ሁለቱ ለምልክት። ከፓነሉ ጋር የሚግባባ ገመድ አልባም ይሆናል። ጀርባው ላይ ኢኤን 50291 (የአውሮፓ) ወይም ዩኤል 2075 (የአሜሪካ) የሚል የደረጃ ምልክት ይፈለግ።

ምልክቱ ከኖርማሊ ኦፕን (ጋዝ እስከሌለ ክፍት ሆኖ ከሚቆየው) ተርሚናል ወደ ዞኑ ይገባል። ጠቋሚው ከአንድ በላይ ከሆነ ገመዱ ከአንዱ ወደ ሌላው በተርታ ይሂድ፣ መሀል ላይ ቅርንጫፍ አይውጣለት። የፓነሉ መመሪያ የሚያዝዘው ሬዚስተር (በአንዳንዱ 5.6፣ በሌላው 2.2 ኪሎ ኦም) የሚታሰረው መጨረሻው ጠቋሚ ላይ ነው፤ ፓነሉ ገመዱ አለመቆረጡን የሚያውቀው በዚህ ሬዚስተር ነው። ሥራ ማቅለል የሚወድ ገጣሚ ፓነሉ ሣጥን ውስጥ አስሮት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ገመዱን አይጥ ብትቆርጠው እንኳ ፓነሉ «ሁሉም ደህና» ይላል። በኃይሉም በኩል ይኸው ጉድለት አለ፤ ኃይል ያጣ ጠቋሚና ጋዝ ያላገኘ ጠቋሚ ለፓነሉ አንድ ናቸው። መድኃኒቱ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ሪሌይ መግጠም ነው። ኃይል እስካለ ድረስ የሚዘጋው ነጥቡ ከሬዚስተሩ ጋር በተከታታይ ይታሰራል፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ይከፈትና ፓነሉ ብልሽት ያሳያል።

መብራት የሚጠፋበት ሌሊት ከሰል የሚበዛበት፣ ጄነሬተርም የሚነሣበት ሌሊት ነው። (ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ ካርቡሬተር ያለው የቤንዚን ጄነሬተር አየሩ ሲሳሳበት ቤንዚኑ ይበዛበትና ከቆላው ይልቅ ብዙ ጋዝ ይተፋል፤ በረንዳ ላይ አታስነሡት።) ሲስተሙ 150 ሚሊ አምፔር ከሳበ 7 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በሒሳብ 46 ሰዓት ይይዛል፤ ያረጀ ባትሪ ግን ግማሹንም ላይዘልቅ ይችላል። ፓነሉ የሚደውልበት የስልክ ሲም ሒሳብ ካለቀ ደግሞ የሚደውል የለም። የመጀመሪያው ስልክ ቁጥር አዲስ አበባ ያለው ባለቤት ሳይሆን በር ላይ ያለው ዘበኛ ይሁን።

አሰቃቀሉ ላይ ብዙዎች እንደ ቡታ ጋዝ ጠቋሚ ወለል አጠገብ ያደርጉታል። ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ይወርዳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ክብደቱ ከአየር ብዙም ስለማይለይ ክፍሉን ሁሉ ይሞላል። መኝታ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው በሚተነፍስበት ቁመት ይሰቀል፤ ከመጋረጃ ጀርባና ከመስኮት ንፋስ ይራቅ። አረቄ የሚወጣበት ጓዳ ውስጥና የኢንቨርተር ባትሪ የሚሞላበት ጥግ አይሰቀል፤ የአልኮል ትነትና ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን ያለ ጋዝ ያስጮኹታል።

ማንደጃ አስጠግተው ወዲያው ካልጮኸ «አይሠራም» የሚሉም አሉ። በኢኤን 50291 መሠረት ጠቋሚው በአየሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ከሚሊዮን 50 እጅ ሲሆን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ 100 እጅ ሲሆን ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ይታገሣል፤ 300 ሲደርስ ግን በ3 ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት። ዕጣን ሲጨስ የሚጮኸው የጭስ ጠቋሚ ነው። ቡና ላይ ይህኛው ከጮኸ ዕጣኑን ትታችሁ ማንደጃውን አውጡ።

የመሞከሪያ ቁልፉ የሚያረጋግጠው ድምፁንና ኤሌክትሮኒክሱን እንጂ ጋዝ ማሽተቱን አይደለም፤ ለዚያ በቆርቆሮ የሚሸጥ መሞከሪያ ጋዝ አለ። ሥራውን ስትረከቡ ሲስተሙ ጠፍቶ ሳለ ጠቋሚው ይሞከር፤ ሲረኑ አራት አራት ይጩኽ፣ ስልኩም ይደወል። ከዚያ የመጨረሻው ጠቋሚ ሽቦ ተነቅሎ ኪፓዱ ብልሽት ማሳየቱ ይታይ። ጀርባው ላይ የታተመውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም፣ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፣ በፓነሉ ሣጥን ክዳን ውስጥ ጻፉት።

የአላርምና የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎች
ደብረ ማርቆስ