ቬንትሌተሩን የፈታሁት እኔ ነኝ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ያወጣችሁትን የሸማቾች ጉዳይ ጽሑፍ ሱቄ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የገዛችሁት ዕቃ ጉዳት ካደረሰባችሁ ክሰሱ፣ የባለሙያ ምስክር አቅርቡ ይላል። ልክ ነው። ግን የትኛውን ባለሙያ? እዚያ ላይ ዝም ብላችኋል። እኔ ደግሞ የተቃጠልኩት እዚያ ላይ ነው።

ድሬዳዋ ነው ያለሁት፣ ሥራዬ ሞተር ዋይንዲንግ ነው። የፓምፕ፣ የወፍጮ፣ የቬንትሌተር፣ የመጣውን ሁሉ እጠመጥማለሁ። ሙያውን ያስያዘኝ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ያረጀ ሰውዬ ነው። ቬንትሌተር ለድሬ ሰው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ግንቦት ላይ መጥታችሁ አንድ ሌሊት እደሩና እዩት።

የጎረቤቴ ቬንትሌተር አንድ ሌሊት ተቀጣጠለ። መጋረጃው ተያያዘ፣ ፍራሹ ነደደ፣ የልጇ እጅ ተቃጠለ። ልጁ ድኗል፣ ጠባሳው ግን አለ። በነጋታው የተረፈውን ሞተር በፌስታል ይዛ ሱቄ መጣች። "አንተ፣ እስቲ እየው፣ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ። (እኛ ጋ አንቱታ ብዙም የለም፤ ዳኛ ፊት ቆመንም ያመልጠናል።) እኔም ካቻቢቴዬን አነሳሁ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የቬንትሌተር ኩሽኔታ ሲደርቅ ወይም አቧራ ሲይዘው ክንፉ ይቆማል፤ መብራቱ ግን አይቆምም፣ ሽቦው ኤሌክትሪክ መሳቡን ይቀጥላል፣ ይግላል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ለዚህ ሲባል ነው የሞተሩ ሽቦ ጥቅል ውስጥ ከስንዴ ፍሬ ትንሽ የምትበልጥ የሙቀት ፊውዝ የምትታሰረው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ትቆርጣለች። ቬንትሌተሩ ይሞታል፣ ቤቱ ይተርፋል። ጥቅሉን በፒንሳ ቦጨቅኩት። ፊውዝ የለም። "አቦ ክሰሻቸው!" አልኳት።

ጠበቃዋም ደስ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085፣ ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ላይ እያለ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ፋብሪካው ቸልተኛ ነበር ብለህ ማስረዳት አይጠበቅብህም። አንድ መውጫ ግን ትቶለታል፦ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ አይጠየቅም። ገመዱ ተልጦ እያየህ ከገዛህ የራስህ ጉዳይ ነው። ጥቅል ውስጥ የተደበቀች ፊውዝ መኖር አለመኖሯን ግን ገዢ በምን ዓይኑ ያያል? ጉዳያችን እጃችን የገባ መሰለን።

ከዚያ ምስክር ፍለጋ ገባን። ጠበቃው "አንተን ዳኛ አያምንህም፣ ማዕረግ ያለው ሰው ይሻላል" አለ። አንድ ዶክተር ተገኘ። የተማረ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ግን የሚያውቀው የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ነው። እኔ ያየሁትን ነገርኩት፣ እሱ አሳምሮ ጽፎ ፈረመበት። ችሎት ላይ የተከሳሽ ጠበቃ ቀስ ብሎ ተነሳ።

"ሞተሩን ራስዎ ፈተውታል?"
"አይ፣ ተፈቶ ነው ያየሁት።"
"ከዚህ በፊት የቬንትሌተር ሞተር ፈተው ያውቃሉ?"
"አላውቅም።"
"ታዲያ ፊውዟን የፈታው ሰው እንዳልጣላት በምን አወቁ?"

መልስ የለም። እኔም የለኝም። ፎቶ አላነሳሁም፣ ስፈታው ከጎኔ ማንም አልነበረም፣ የቦጨቅኩትን ሽቦ ደግሞ ለቆራሌው ሸጬዋለሁ። መዳብ ነዋ!

ሕግ የምትማር የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት አንድ የአሜሪካ ጉዳይ አነሳችልኝ። በፈረንጅ 1993 የአንድ ሚኒቫን የኋላ ጎማ ፈንድቶ ሰው ሞተ፣ ተሳፋሪዎቹ ኩምሆ የሚባለውን የጎማ ኩባንያ ከሰሱ። ያቀረቡት ባለሙያ እንደኛው ዶክተር ከሙያው ውጭ የመጣ አልነበረም። ሜካኒካል ኢንጂነር ነው፣ ሚሸሊን ውስጥ አሥር ዓመት ሠርቷል። ግን ጎማው ከፋብሪካ የወጣው ጉድለት ይዞ ነው ብሎ የደመደመው መጀመሪያ ፎቶ አይቶ ነው፤ በአካል ያየው ቃሉን ሊሰጥ በሄደበት ጠዋት ነው። ጎማው ያለቀ፣ ሁለት ቦታ ተበስቶ በቅጡ ያልተጠገነ ነበር። በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሰውየው ምስክርነት ውድቅ መደረጉን አጸናው። ችሎታውን የተጠራጠረ የለም። የተጠየቀው ከዚህ ጎማ ተነስቶ እዚያ ድምዳሜ ላይ በምን መንገድ እንደደረሰ ነው።

ጠበቃችን ዘግይቶ ሌላ ሰው አመጣ፣ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን። ልጅ ነው፣ ማዕረግ የለውም። የመጀመሪያ ቃሉ "የቀረውን አልነካም፣ ሌላኛው ወገን ይጠራ" ነበር። ክፍያውን አስቀድሞ ተናገረ፤ ብታሸንፊም ብትሸነፊም ያው ነው አላት። (ከሚፈረደው ገንዘብ አካፍሉኝ የሚል "ባለሙያ" ከመጣባችሁ በሩን አሳዩት፤ እኛ ጋ አንድ መጥቶ ነበር።) ከዚያ ያንኑ ዓይነት አዲስ ቬንትሌተር አስገዛትና ሁለቱም ወገን ባለበት፣ እያንዳንዱን ብሎን ፎቶ እያነሳ ፈታው።

ፊውዝ አለው።

እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን "ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው?" ብያለሁ። እሱ ግን ችሎት ላይ ያየውን ብቻ ተናገረ። "ይኼኛው ፊውዝ አለው። የተቃጠለው ነበረው ወይ ለሚለው፣ ተበጣጥሶ ስላገኘሁት መናገር አልችልም። የአዲሱ ምርት ቀን ግን ከተቃጠለው የዘገየ ነው፣ ከድሮው ምርት ቢገኝ ይፈተሽ።" የተከሳሽ ጠበቃ ሊያጣምመው ሞከረ፣ የሚይዘው አጣ። ዳኛዋ ቀና ብለው የሰሙት እሱን ብቻ ነው። የድሮውን ምርት ፍለጋ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያንም ሳቢያን ሰፈርንም አዳረስን፣ ተሸጦ አልቋል። ክሱ ውድቅ ሆነ።

ያ ቴክኒሺያን እኔ ሳልፈታው ቢጠራ ኖሮ ሞተሩ ሙሉ ነበር፣ የድሮው ምርትም ገበያ ላይ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ክስ ቁጥር 2143 የሚሰጠው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ሰው ሁለት ዓመት ሲባል ብዙ ይመስለዋል፣ ማስረጃው ግን እኔ ጋ የቆየው ሃያ ደቂቃ ነው።

አሁን ሱቄ መደርደሪያ ላይ በማዳበሪያ የታሰረ የተቃጠለ ስቶቭ አለ። የመጣበትን ቀን ላዩ ላይ ጽፌበታለሁ፣ ፎቶውም ስልኬ ላይ አለ። ባለቤቱ በየቀኑ ሲያልፍ አንገቱን ያስገባና "አንተ፣ ፈታኸው?" ይለኛል።

አልፈታሁትም።

ሞተር ጠምጣሚው፣ ከድሬዳዋ