ክረምት የትኛው ወር ነው?

ለክቡር ዋና አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ዓለም የአየር ንብረት ክልሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከነካርታው በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጂኦግራፊን ለረጅም ዓመታት ያስተማርሁ ሰው እንደመሆኔ ርዕሱ በጋዜጣ ላይ ቦታ ማግኘቱ ደስ አሰኝቶኛል፤ ነገር ግን ጽሑፉ የሜዲትራኒያንን የአየር ንብረት «ክረምቱ ዝናባማ፣ በጋው ደረቅ» ብሎ ሲገልጽ የተጠቀመባቸው ሁለት ቃላት አንባቢን ወደ ሌላ ወር የሚወስዱ ስለሆኑ ዝም ማለት አልቻልሁም።

በእኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብ ጊዜ ነው። ይህን ይዞ የሚያነብ ሰው ሮምና አቴና በሐምሌና በነሐሴ በዝናብ የሚርሱ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በእነዚህ ወራት ሁለቱም ከተሞች በፀሐይ የሚነድዱ መሆናቸው ነው፤ ዝናባቸው በአብዛኛው የሚወርደው የእኛ ሰማይ በሚጠራበት ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን «ክረምት ገባ» ሲሉም በእኛ አገር አዝመራ የሚሰበሰብበት ኅዳር ነው። የሚገርመው፣ የጋዜጣችሁ ዓረፍተ ነገር ተመሳሳይ የአየር ንብረት ላላት ለደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ትክክል ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስላለች ቀዝቃዛውና ዝናባማው ወቅቷ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል።

ስሕተቱ የጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ እኔም በክፍል ውስጥ ለብዙ ጊዜ የአውሮፓውያኑን ቀዝቃዛ ወቅት «ክረምት»፣ ሞቃቱን «በጋ» ብዬ ተርጉሜ አስተምሬአለሁ። አውሮፓውያን ዓመቱን የሚከፍሉት በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲሆን፣ ምክንያቱም የምድር ዛቢያ 23.5 ዲግሪ ያህል በማዘንበሉ የፀሐይዋ ከፍታና የቀኑ ርዝመት ከወር ወር እጅግ ስለሚለያይባቸው ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ይህ ልዩነት ጎልቶ አይታየንምና የምንከፍለው በዝናብ ነው። እኔ በምኖርባት በደብረ ብርሃን ሰብል የሚያቃጥለው ውርጭ የሚወርደው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሌሊቱን ደመና በሌለበት ሰማይ የምድሩ ሙቀት ሲያመልጥ ነው። በሐምሌ ደግሞ ቀኑ የሚቀዘቅዘው ደመናው ስለሚጋርደን እንጂ ፀሐይ ከእኛ ስለራቀች አይደለም። እንዲያውም ተማሪዎቼ በሰኔ እኩለ ቀን በግቢው ውስጥ እንጨት ተክለው ጥላው ወደ ደቡብ መውደቁን ሲያዩ፣ ፀሐይዋ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን መሄዷን ያለ መጽሐፍ ይረዱት ነበር።

ስለዚህ ስለ ሌላ አገር ሲጻፍ «ቀዝቃዛው ወቅት» ወይም «ሞቃቱ ወቅት» ተብሎ ወሩ ቢጠቀስ፣ ክረምትና በጋ ግን ለእኛው ሰማይ ቢተዉ የተሻለ ይመስለኛል።

ካርታውንም በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የተጠቀማችሁበት በ1569 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መርካቶር የተባለው ካርታ ሠሪ ለመርከበኞች ያዘጋጀው ዓይነት ካርታ ነው። የአቅጣጫን ማዕዘን ስለሚጠብቅ ለባሕር ጉዞ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ከምድር ወገብ በራቁ መጠን ስፋትን ያጋንናል። አፍሪካ ከግሪንላንድ 14 ጊዜ ያህል የምትሰፋ ሆና ሳለ በዚህ ካርታ ላይ እኩል መስለው ይታያሉ። ስለ አየር ንብረት በሚናገር ካርታ ላይ ይህ ቀላል እንከን አይደለም፤ አንባቢው ቀለሞቹን አይቶ የዓለምን የብስ አብዛኛውን በረዶና ቅዝቃዜ የያዘው አድርጎ ይገምታል፣ የሐሩሩ ክልል ደግሞ ጠባብ መቀነት ይመስለዋል። ለሚቀጥለው ጊዜ የአገሮችን ስፋት በትክክለኛ ምጥጥን የሚያሳይ ካርታ እንድትመርጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር
ከደብረ ብርሃን