የማውስ አመጣጥ በትክክል ይነገር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጎጃም ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር የማስተምር መምህር ስሆን፣ ማውስን፣ ማለትም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለውን ጠቋሚ በእጅ የምናንቀሳቅስበትን መሣሪያ፣ የፈለሰፈው የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ አፕል ነው የሚለው ስሕተት በተማሪዎቼ ደብተር ሳይቀር ሰፍሮ ማየቴ ስላሳዘነኝ ይህን ጻፍኩ። ሐሳቡ የአሜሪካዊው መሐንዲስ የዳግላስ ኤንግልባርት ነው፤ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሠራው የመጀመሪያው ናሙና፣ የእኛ አገር አናጢ ቢያየው የማይደነግጥበት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ሆኖ፣ ከሥሩ አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚደረገውን እንቅስቃሴ የሚለኩ ሁለት ጎማዎች፣ ከላዩም አንዲት የምትጫን ቁልፍ ብቻ ነበረችው። ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ አሳየው፤ አፕል ግን ሊዛ ከተባለው ኮምፒውተሩ ጋር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ጋዜጣችሁ ይህን ታሪክ በቴክኖሎጂ ዓምዱ እንዲያወጣልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ