አባባ፣ መርፌውን አቋርጠዋል አሉኝ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ጦሳ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ነው የሚያረፍደው። ትልቁ ልጅ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተፈታኝ ነው፤ ሂሳብ ላይ ሰንፎብኛል። ትንሿ ደግሞ "የአባባ እግር ውስጥ ብረት ገብቷል" ካልናት ወዲህ ከአሮጌው ሬዲዮ ማግኔት ነቅላ ደብቃለች። ቅዳሜ ስንመጣ ይጣበቅ እንደሆነ ልትሞክር ነው። እንዳይቆጧት።

ስለ ልጆቹ ገና ብዙ ማለት እችላለሁ። ትናንት ማታ ሁለት ገጽ ጽፌ ሳነበው ሁሉም ስለ እነሱ ሆኖ አገኘሁትና ቀደድኩት።

እትዬ ደውላ ነገረችኝ። ዳሌዎ ከተሠራ በኋላ ደም እንዳይረጋ የታዘዘልዎትን መርፌ ከሦስት ቀን ወዲህ "በቃኝ" ብለዋል። ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብለው ውሃም በሲኒ ሆኗል የሚጠጡት፤ ያውም በኮምቦልቻ ሙቀት! እኔ ስደውል ግን "አብሽሪ፣ ደህና ነኝ" ይሉና ስልኩን ለእሷ ያቀብላሉ። ለዚህ ነው መጻፍ የመረጥኩት። ደብዳቤን "ኔትወርኩ ተቆራረጠ" ብለው አይዘጉትም።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሳሉ ድሩ ሙጫ የሚጠጣበት ክፍል እንደነበሩ አልረሳሁም። እራት ላይ ሲያወሩ እሰማ ነበር፤ መብራት ሄዶ ማሽኑ ከቆመ ሙጫው ገንዳው ውስጥ ይረጋል፣ ከዚያ እየፋቁ ማውጣት ነው ይሉ ነበር። የእግር ደምም እንዲሁ ነው አባባ። ከእግር ወደ ላይ የሚመለሰው ባታችን በተራመድን ቁጥር እየጨመቀ ሲገፋው ነው። ሰው ሲተኛ ገፊው ይቆማል። በዚያ ላይ የእርስዎ አጥንት ተሰብሯል፣ ተቀዷል፣ ተሰፍቷል፤ ሰውነት ሲቆስል ደግሞ ደሙ እንዳይፈስ ብሎ ራሱ ይወፍራል። የዛሬ 170 ዓመት ግድም ስለ ደም መርጋት በጻፈ ፊርኾ በሚባል የጀርመን ሐኪም ስም የሚጠሩት ሦስት ምክንያቶች እነዚሁ ናቸው፤ የደሙ መቆም፣ የሥሩ መጎዳት፣ የደሙ መወፈር። ሦስቱም እርስዎ አልጋ ላይ አብረዎት ተኝተዋል። የረጋው እግር ውስጥ ቢቀር ባልከፋ፤ ተነቅሎ ሳንባ ላይ ከተሰካ ግን ለሐኪምም ጊዜ አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ለፈተና። ዋርድ ስገባ ግን የማን ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሙ "ነርሶቹ ያስታውሱኛል" ይላል፣ እኛ "ያልታዘዘ መድኃኒት አንሰጥም" እንላለን፣ አስታማሚው በጋቢ ጠቅልሎ "ይረፍ፣ አትቀስቅሱት" ይላል። ሁሉም ለበሽተኛው አዝኖ ነው እንግዲህ። ባለፈው ጥቅምት 3፣ የፊርኾ ልደት ነው ብለው የደም መርጋት ቀን ያደረጉት ዕለት፣ ሥልጠና ተሰጠን። በዚህ ሕመም ከሚያዙ 10 ሰዎች እስከ 6 የሚሆኑት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ወይም በወጡ በ90 ቀን ውስጥ ነው የሚያዙት አሉን። አሠልጣኙ ቀጥሎ "ዛሬ እናንተ ዘንድ ከተኙት ለስንቱ ነው አደጋው የተገመገመው?" ሲል ሁላችንም ወለሉን አየን። ከሰዓት ካርዶቹን እያወጣሁ ገለጥኩ። ቅጹ አለ፣ ታትሞ፣ ዕድሜ፣ ቀዶ ጥገና፣ ካንሰር፣ ከዚህ በፊት የረጋ ደም እያለ የሚጠይቅ፣ ከጎኑ ነጥብ የሚሞላበት ሳጥን ያለው። ሳጥኖቹ ነጭ ነበሩ። አንዱ ካርድ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

የእርስዎን ካርድ ግን እኔ አልነካሁም፤ ሐኪሙ ራሱ ነው ሞልቶ ለ35 ቀን ያዘዘው። ዳሌው ተሰብሮ ለተሠራ ሰው ይህን ያህል መቀጠሉ የተለመደ ነው። እስከ ትናንት 18 ቀን አልፏል፤ ከዛሬ ጋር 17 ቀርቷል። "ገንዘብሽን አትጨርሺ" ብለዋል አሉ። ገንዘቡን ለእኔ ይተዉት።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ።

በ2009 የማኅፀን ኦፕራሲዮኑን ጨርሳ በአምስተኛው ቀን ነው ቤት የገባችው። የገባች ለታ ጎረቤቱ ሁሉ አጥሚት ይዞ መጣ፣ ንቅንቅ እንዳትል ተባለ። ግራ እግሯ ማበጥ ሲጀምር "ብርድ ነው" ተባለ። እርስዎ ማታ ማታ ቅቤ አሙቀው ባቷን ያሹላት ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ እጅዎ በፋብሪካ ሥራ የሻከረ ስለነበር ቆዳዋን እንዳይፍቃት መጀመሪያ መዳፍዎን በቅቤው ያለሰልሱት ነበር። በሕይወቴ ወንድ ልጅ ሚስቱን እንዲያ ሲያስታምም ሌላ አላየሁም። ከሁለት ቀን በኋላ ለሱብሒ ስትነሳ "ትንፋሽ አጠረኝ" አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ለተቀመጡት ሰዎች "ነርስ አስተምሬ ነበር" አሉ። ረስተውት ይሆናል። እኔ ከጀርባዎ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ያቺን "ነበር" ይዣት ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። በየዒዱ ልጆቹን ይዤ ስመጣ፣ ሐረጎን ስንወርድ፣ ጠመዝማዛው ላይ ልጆቹ ሲያቅራቸው፣ እኔን የሚያቅረኝ እሷ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ "ምን ማለትዎ ነው?" አላልኩም።

ለምን እንዳላልኩ ልንገርዎት። ኋላ ያበጠ ባት አይታሽም ብለው ሲያስተምሩን፣ የረጋው ሊነቀል ይችላል ሲሉን፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ የእርስዎ ቅቤ ነበር። አስታጋሽ አገኘሁ። እሳቸው ናቸው እያልኩ በልቤ ተደበቅሁበት። ግን ከማሸትዎ በፊት፣ እሑድ ዕለት፣ እግሯን አይቼው ነበር አባባ። እኔው ራሴ። በጣቴ ተጫንኩት፤ ጎደጎደ፣ ከቀኙም ይልቅ ይሞቅ ነበር። አራት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነበርኩ። "ጋደም በይ፣ ስፌቱ እንዳይከፈት" አልኳትና በሚኒባስ ወደ ደሴ ተመለስኩ፤ ሰኞ ተረኛ ነበርኩ። እውነተኛው ምክንያት ምን እንደነበር ማንም አልመረመረም፣ ቀደሯ ነው ብለን ቀበርናት። ቅቤው ነው አልልም። የእርስዎ እጅ ነው ብዬ እንዳስብ የረዳኝ ግን የእኔ ጣት ነው።

ይህን በስልክ እንዴት እላለሁ?

ከዚህ በታች ያለውን እትዬ ታንብብልዎት፤ ከላይ ያለውን ግን ብቻዎን ያንብቡት።

እትዬ፣ ሐኪሙን አነጋግሬያለሁ። ዛሬ ማታ ይጀምሩ፤ ያመለጠውን ለማካካስ ብለሽ ሁለት እንዳትሰጪ። ሆዱ ላይ ነው፣ ከእምብርት አራት ጣት ራቅ አድርገሽ፣ አንድ ቀን በቀኝ አንድ ቀን በግራ። መርፌው ውስጥ የምትታየውን ትንሽ አየር አታስወጪያት፣ እንደዚያው ነው የተሠራው። ቆዳውን ቆንጥጠሽ ቀጥ አድርገሽ አስገቢ፣ ካወጣሽ በኋላ እንዳታሺው፤ ይበልዛል። ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ ከፀሐይ ግን አርቂው። ለጉልበቴ እያለ ከፋርማሲ የሚያስመጣውን ዲክሎፌናክ ደብቂበት፣ ከዚህ ጋር ደም ያፈሳል። ሰገራው ከጠቆረ ወይም ድዱ ከደማ ንገሪኝ። አንድ እግሩ ብቻ ካበጠ፣ ወይ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይ ደረቱን ከወጋው ግን እኔ ጋ አትደውዪ፤ ባጃጅ ጠርተሽ ሆስፒታል ውሰጂው፣ ከዚያ ትደውያለሽ።

አባባ፣ አዛን በተሰማ ቁጥር ይነሱ። ክራንቹን ይዘው እስከ በሩ ሄደው ይመለሱ፤ ወንበር ላይ ሰግደው ሲጨርሱ ደግሞ ተረከዝዎን መሬት ላይ አድርገው የእግር ጣትዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ይልቀቁ፣ አሥር ጊዜ። ውሃውን በሲኒ ሳይሆን በጣሳ። ሽንት ቤት መመላለሱም ለዚሁ ይጠቅማል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

ይህን የሚያመጣልዎት የእትዬ ልጅ ነው። ሻንጣው ውስጥ 17 መርፌ አለ፣ ቆጥሬ ነው የሰጠሁት። የተወጋበትን ክዳኑ በሚጠብቅ ሃይላንድ ውስጥ ይክተቱት፤ ሜዳ ላይ እንዳይጣል፣ ልጆች ይወጋል። ቅዳሜ ስመጣ ሃይላንዱን አይቼ እቆጥራለሁ።

ልጅዎ