«ጉበትሽ ነው» ከመባሉ በፊት ታይሮይዱም ይታይ፦ ለጅማ ሰፈራችን የምርመራ መዋጮ

የጅማ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የሰፈራችን ዕድሮች ተሰባስበን ስኳርና እንቅርት (አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ እብጠት) ላለባቸው አቅመ ደካሞች የደም ምርመራ የሚከፍል የጋራ ሣጥን ልናቋቁም ነው። ለምን ምርመራ ላይ እንዳተኮርን ልንገራችሁ።

መርካቶ በኩል በርበሬ የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። ከበርጩማዋ ስትነሳ ጭኗን በሁለት እጇ ደግፋ ነው። ፀሐዩ ሲያቃጥል እንኳ ጋቢዋ ከላይዋ አይወርድም። ስትመረመር ኤኤስቲ የሚባለው ኢንዛይም ከፍ ብሎ ተገኘ፤ «ጉበትሽ ነው» ተባለች። ለወራት ስለ ጉበቷ ስትጨነቅ፣ የቋጠረቻትም አለቀች። በኋላ አንድ ሐኪም አንገቷን ዳሰሰና የታይሮይድ ምርመራ አዘዘላት። ጉበቷ ደህና ነበር፤ የደከመው ታይሮይዷ ነው።

ኢንዛይም የሰውነትን ሥራ የሚያፋጥን ንጥረ ነገር ነው። እንደ ኤኤስቲ ያሉት ሥራቸውን የሚሠሩት ሴል ውስጥ ነው። ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣሉ። ኤኤስቲ ጉበት ውስጥም ጡንቻ ውስጥም አለ። ታይሮይድ ሲደክም ጡንቻ ስለሚጎዳ፣ ሲኬ የተባለው የጡንቻ ኢንዛይም ደም ውስጥ ይበዛል፤ ኤኤስቲም አብሮት ሊጨምር ይችላል። ታይሮይድ ከልክ በላይ ሲሠራ ደግሞ የአጥንት መታደስ ይፈጥናል፣ አጥንት ውስጥም ያለው አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም ከፍ ሊል ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ጉበቱ ላይ ስብ ከተጠራቀመ ኤኤልቲና ጂጂቲ የተባሉት የጉበት ኢንዛይሞች ሊጨምሩ ይችላሉ።

ስኳርና የታይሮይድ በሽታ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ያልታከመ የታይሮይድ ድክመት የ3 ወር አማካይ የደም ስኳርን የሚያሳየውን ምርመራ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሐኪሙ ታይሮይዱን ካላየ በምን ይወቅ?

ደስ የሚለው፣ ታይሮይዱ ሲታከም ኢንዛይሞቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። የደከመ ታይሮይድ መድኃኒት በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ነው። ሰው የሚቸገረው በሽታውን እስኪያውቅ ነው። የጤና መድኅን ያለው ሰው እንኳ ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) አልቋል ሲባል ወደ ግል ላብራቶሪ ይሄዳል፤ እዚያ ከኪሱ ነው። የቀን ሠራተኛ ከየት ያመጣል?

ገንዘቡ ለታማሚው በእጁ አይሰጥም። የሐኪም ማዘዣ ላመጣ ሰው ላብራቶሪው ድረስ ሄደን እንከፍልለታለን። ደረሰኞቹ በየወሩ የዕድር ስብሰባ ላይ ይነበባሉ።

የአቅማችሁን ለየዕድራችሁ ገንዘብ ያዥ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ዘንድሮ ቡና ሸጣችሁ የቀናችሁ፣ ትንሽ ጨመር አድርጉ። ከጅማ ርቃችሁ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። የላብራቶሪና የሕክምና ባለሙያዎች ደግሞ በወር ግማሽ ቀን ብትሰጡን ትልቅ ነገር ነው። ውጤቱን ለታማሚው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው እንፈልጋለን።