የተማሪዎች የተግባር ልምምድ ከመንገድ የራቁትን ቀበሌዎች ይድረስ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከቤተሰቤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የመጀመሪያዋ እኔ ስሆን፣ አሁን የኅብረተሰብ ጤና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምጽፈው ተማሪዎች ለማኅበረሰብ ልምምድ የሚመደቡባቸው ቦታዎች እንደገና እንዲታዩ ለመጠየቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተካሄዱ ወሊዶች በአገር አቀፍ ደረጃ 26 በመቶ ሲሆኑ፣ አኃዙ በከተማ 79፣ በገጠር ግን 20 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አገራዊው አኃዝ 48 በመቶ ደርሷል፤ ቤት ለቤት የሚደክሙት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁንና አማካዩ ባደገ ቁጥር ወደኋላ የቀሩት እናቶች ይበልጥ ይረሳሉ።

በክፍል ውስጥ ለእናቶች ሞት ምክንያት ከሚሆኑት ሦስት መዘግየቶች የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰን ላይ የሚታየው እንደሆነ እንማራለን፤ ብዙዎችም ይህን የግንዛቤ እጥረት ብቻ አድርገው ያዩታል። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጤና ጣቢያ መውለድ እንደሚሻል ግን አሳምራ ታውቃለች። ባደግሁበት ቀበሌ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ለማድረስ እየተፈራረቁ የሚሸከሙ ጎረምሶች ያስፈልጋሉ፤ ምጡ በአጨዳ ወቅት ከመጣ እነርሱን ከየማሳው መሰብሰቡ ራሱ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ልጆቹን ማን ያብላ፣ ላሟን ማን ይለብ፣ የወሊድ አገልግሎቱ ነጻ ቢሆንስ ለአስታማሚ ስንቅና ለመመለሻ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ሁሉ መልስ ማግኘት አለበት። ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይመጣ ቀድመው መጥተው ጤና ጣቢያ አጠገብ የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ ቤት ትልቅ እፎይታ ቢሆንም፣ ቤቷን አስቀድማ ትታ መምጣት ለማትችል ሴት አይደርስላትም።

ይህ ሁሉ አስፋልት ዳር በሚሞላ መጠይቅ አይገኝም። እኔና የክፍል ጓደኞቼ ግን የተመደብነው መኪና በቀላሉ በሚገባባቸው ቀበሌዎች ነበር። የተሽከርካሪና የማደሪያ ችግር እንዳለ እረዳለሁ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያሠለጥን የነበረው የዛሬው መንገድ እንኳ ባልነበረበት ዘመን ነው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎችና የክልል ጤና ቢሮዎች ተነጋግረው ከልምምዱ ቢያንስ አንዱን ዙር ከጤና ጣቢያ በራቁ ቀበሌዎች እንዲያደርጉት እጠይቃለሁ። ለማደሪያ ጤና ኬላው ወይም ትምህርት ቤቱ ሊበቃ ይችላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ የተማሪዎቹ ግኝት የወረዳው ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢቀርብ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ